ሐኪምዎን ይጠይቁ

ሬዲዮ ላይ ማስታወቂያ ሊያልቅ ሲል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ደንቡንና ግዴታውን በጥድፊያ የሚያነበንብ ሰው አለ፤ ሌላው ጆሮ አይሰጠውም፣ እኔ ግን ሚኒባስ ውስጥም ብሆን ወሬዬን አቋርጬ አዳምጠዋለሁ። ያ ጥድፊያ ወደ ሱሉልታ፣ የክረምት ጉም ደጃፋችን ድረስ ወደሚመጣበት ቤት ይመልሰኛል፤ እናቴ ሳሎን በተዘረጋላት አልጋ ላይ ተኝታ፣ እኔ ቴሌቪዥኑ ስር ምንጣፍ ላይ ተቀምጬ፣ አንድ የማላውቀው አሜሪካዊ ትንፋሽ ሳይወስድ ሲናገር እሰማለሁ።

አሜሪካዊው ቤታችን የገባው በአክስቴ በኩል ነበር። የአባቴ እህት እዚያ ትኖር ስለነበር፣ ሰው ባገኘች ቁጥር የቪዲዮ ካሴት ትልክልን ነበር፤ ፊልም ገዝታ ሳይሆን፣ መቅጃውን ከፍታ ትታው ሥራ እየሄደች፣ ቴሌቪዥኗ ያሳየውን ሁሉ፣ ድራማውንም ማስታወቂያውንም እንዳለ። ካሴቱ እኛ ዴክ ውስጥ ሲገባ ቀለሙ ይጠፋ ስለነበር የእኔ አሜሪካ ግራጫ ነበረች። ድራማው የፖሊስ ነበር፤ ሰው በጥይት ሲወድቅ፣ ደሙ ሲፈስ የሚከለክል የለም፣ ተሳዳቢ አፉን ሲከፍት ግን «ጢጥ» የሚል ድምፅ መጥቶ ስድቡን ይሸፍነው ነበር። አባቴም የራሱ ሕግ ነበረው። ለጥይቱ ግድ አልነበረውም፤ ወንድና ሴት መቀራረብ ሲጀምሩ ግን ሳል ይይዘውና ተነሥቶ፣ የጠፋበት ዕቃ ያለ ይመስል ቴሌቪዥኑ ፊት ይቆም ነበር። በዚህ በዚህ አባቴና የአሜሪካ መንግሥት ይስማሙ ነበር።

የማይስማሙት በመድኃኒት ማስታወቂያው ነበር። ፀጉሯ የነጣ ሴትዮ ሜዳ ላይ ከውሻዋ ጋር ትሮጣለች፣ ባሏ የልጅ ልጃቸውን ዥዋዥዌ ላይ ይገፋል፣ ሙዚቃው ለስለስ ያለ ነው፤ በዚህ መሐል ያ ሰውዬ ይመጣና መድኃኒቱ ራስ ሊያዞር፣ ጉበት ሊጎዳ፣ ትንፋሽ ሊያሳጥር፣ አልፎ አልፎም ሞት ሊያስከትል እንደሚችል አከታትሎ ዘርዝሮ፣ «ሐኪምዎን ይጠይቁ» ብሎ ይጨርሳል። ሴትዮዋ ግን መሣቋን አታቆምም። አድጌ እንዳነበብኩት፣ እዚያ መድኃኒት በቴሌቪዥን የሚያስተዋውቅ ሁሉ ጥቅሙን ሲናገር ጉዳቱንም እንዲናገር ሕግ ያስገድደዋል፤ ሻጮቹም ሕጉን ፈርተው ይናገራሉ፣ ተመልካቹ ልብ እንዳይል ደግሞ ውሻና ዥዋዥዌ ያቀርቡለታል። ያኔ ይህን ሁሉ አላውቅም ነበር። የማውቀው፣ ቤታችን ውስጥ ስለ በሽታ መጥፎውን ነገር አፍ አውጥቶ የሚናገረው እሱ ብቻ መሆኑን ነበር።

እናቴ ሆዷን መታመም የጀመረችው ከፋሲካ በኋላ ነው። ሊጠይቃት የሚመጣው ሁሉ «ደህና ነሽ እኮ፣ ፊትሽ መለስ ብሏል» ይላት ነበር፤ ፊቷ ግን አልተመለሰም። እኔ ስገባ ትልልቆቹ ወሬ ይለውጡ ነበር። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ወንድምም እህትም የለኝም፣ አባቴ ቀኑን ሙሉ አዲስ አበባ ሥራ ላይ ነው፤ ብቸኝነትን ያወቅኩት በዚያ ክረምት፣ ጠያቂ በማይጠፋበት ቤት ውስጥ ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻችንን ሳለን እናቴ «ይሄ ሰውዬ ምንድን ነው እንዲህ የሚለፈልፈው?» ብላ ጠየቀችኝ። ስድስተኛ ክፍልን ገና መጨረሴ ቢሆንም፣ ካሴቱን እየደጋገምኩ፣ መዝገበ ቃላት እያገላበጥኩ በቃሌ ይዤው ስለነበር አንድ በአንድ ነገርኳት። ሣቀች። «ሊሸጡ ነው ሊያስፈራሩ?» አለች። ከዚያ «እስቲ መልሺው» አለችኝ፤ መለስኩት። «የመጨረሻውን እንደገና በይልኝ።»

«ሞት ሊያስከትል ይችላል» አልኳት።

ይህን ቃል እሷ ፊት የተናገረ ሰው አልነበረም። ዓይኗን ከእኔ ላይ ሳትነቅል «እነሱስ ይናገራሉ» አለችና ሌላ ነገር ልትጨምር ስትል፣ ያን ቀን ቀደም ብሎ የተመለሰው አባቴ ከነዝናብ ልብሱ ገባ። የመጨረሻውን ሰምቶ ነበር። ዴኩን ከሶኬት ነቅሎ «ታማሚ ፊት እንዲህ ያለ ነገር አይወራም!» ብሎ ተቆጣኝና ካሴቱን እጄ የማይደርስበት ቁም ሣጥን አናት ላይ ወረወረው። እናቴ ምን ልትለኝ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።

በጥቅምት፣ ዝናቡ አቁሞ የሱሉልታ ሜዳ ሣር መታጨድ ሲጀምር፣ እናቴን ሐኪም ቤት ሲወስዷት አልቅሼ አብሬ ሄድኩ። የማስታወቂያው ሰውዬ ጠይቁ ብሏል፤ እኔም ልጠይቅ ነው። ዶክተሩ አባቴን ለብቻው አናግሮት ሲጨርስ ጋዋኑን ያዝኩና «ዶክተር፣ እናቴ ትሞታለች?» አልኩት። ዶክተሩ አባቴን አየ፣ አባቴ መሬት መሬት አየ። «ጎበዝ ልጅ ነሽ፤ አንቺ ዝም ብለሽ ትምህርትሽን አጥኚ» ብሎ ራሴን ዳበሰኝ። ያን ቀን በጣም ተናደድኩ፤ ከንዴቱ በታች ግን ፍርሃት ነበር፣ እሱንም የማካፍለው ሰው አልነበረኝም።

ብርዱ ሲጠና «ለትምህርትሽ ይሻልሻል» ተብዬ ቡራዩ፣ አጎቴ ቤት ተላክሁ። ግቢው ከብረት በር ሠሪዎች አጠገብ ስለነበር ቀኑን ሙሉ ሲቀጠቅጡ ይውሉ ነበር፣ የአጎቴ ልጆች በአንድ አልጋ ተደራርበው ይሣሣቁ ነበር፣ እኔ ደግሞ በር በተንኳኳ ቁጥር ከቤት የመጣ ሰው እየመሰለኝ እነሣ ነበር። አንድ ጠዋት በእውነት መጣ። ወተት የሚያመጡልን ጎረቤታችን ገበሬው ኦቦ ገመቹ ነበሩ፤ «አካም ጅርታ» ብለው ሳሙኝና «እናትሽ ናፍቃሽ ነው» አሉኝ።

«ኦቦ፣ እናቴ ደህና ናት?» እላቸው ነበር መንገዱን ሙሉ።

«ነጋ ዳ፣ ሰላም ነው» ይሉኝና በሚኒባሱ መስኮት ወደ ውጭ ያዩ ነበር። ደግ ሰው ነበሩ፤ ውሸቱ ከብዷቸው እንደነበር አሁን ይገባኛል። ከእንጦጦ ወርደን ሰፈራችን ስንደርስ በራችን ላይ ድንኳን ተተክሎ አየሁ። መርዶውን የነገረኝ ድንኳኑ ነው። ቀብሩ ትናንትና አልፎ ነበር።

አሁን ያ የሱሉልታ ሜዳ በአብዛኛው ታጥሮ ቤት ተሠርቶበታል፤ አባቴም አርጅቶ ዘንድሮ ታመመ። ወጣቱ ሐኪም ውጤቱን ለእኔ ነግሮኝ ሲያበቃ፣ በትህትና «ለአባትዎ ባይነግሯቸው ይሻላል» አለኝ። ቤት ስንገባ አባቴ ጫማውን እያወለቀ «ምን አለሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። አጠገቡ ተቀመጥኩና ምንም ሳላስቀር፣ ቀስ ብዬ ነገርኩት። ያወለቀውን ጫማ ጎን ለጎን አስተካክሎ አስቀመጠ።

«እናትሽም ጠይቃኝ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ደጋግማ ነው የጠየቀችኝ። እኔ ደህና ነሽ እያልኩ ፊቴን አዞርኩባት።»

አለቀሰ፤ እኔም አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ በየምሽቱ እናወራለን፤ የቱ ጋ እንዳመመው፣ ምን እንደሚያስፈራው፣ ከእሷ አጠገብ መቀበር እንደሚፈልግ ይነግረኛል። አሁን የምናወራው ሁለት ነን፤ ያኔ ሦስት መሆን እንችል ነበር።