ታላቅ እህቴና የጠርዟ ጋላክሲ

ሰፈራችን ታላቅ እህቴን «የራጅ ሐኪሟ» ይላት ነበር። በኤክስሬይ እንደምትሠራ ከእናታችን የሰሙ ጎረቤቶች የደረታቸውን ፊልም በፖስታ ይዘው በራችንን ያንኳኳሉ። እሷም ፊልሙን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጋ ታይና፣ «የእርስዎ ሳንባ በጣም ቅርብ ነው፤ እኔ የማውቀው ሩቅ ሩቁን ነው» ብላ ትሸኛቸዋለች።

እውነትም የምታየው ሩቅ ነበር። መሃላቸው ላይ ግዙፍ ጥቁር ጉድጓድ ያለባቸው፣ ወደዚያ የሚወርደው ጋዝ እየጋለ ኤክስሬይ የሚረጭባቸው ጋላክሲዎች ናቸው ሥራዋ። አየሩ ጨረሩን ስለማያሳልፍ የሚለቅመው ከምድር በላይ የሚዞር ሳተላይት ነው። እሷ ዩኒቨርሲቲው ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ መጋረጃው ከሀዲዱ በወለቀ ክፍል ተቀምጣ፣ የተለቀመውን ጨረር በጉልበቱ መጠን እየለየች ግራፍ ታወጣለታለች። ብረት ካለ ግራፉ ላይ የታወቀ ቦታ ይዞ ጉብ ይላል።

አንድ ጊዜ ከብረቱ በስተቀኝ ማንም ያልጠበቃት ትንሽ ጉብታ ታየች። እህቴና መምህሯ ወራት ተከራክረው፣ ወደ እኛ በኃይለኛ ፍጥነት ስለሚወረወር ቦታውን የለቀቀ ብረት ነው ብለው ጻፉ። መምህሯ ዕድሜያቸውን በማስተማር የጨረሱ ሰው ነበሩ፤ ሌሎች ተመራማሪዎች የጠቀሱላቸው የራሳቸው ሥራ ያቺ ጉብታ ብቻ ነበረች።

ከሰባት ዓመት በኋላ እህቴ በሌላ ጋላክሲ ላይ ያቺኑ ጉብታ እዚያው የጉልበት ቁጥር ላይ አገኘቻት። ርቀታቸውም ፍጥነታቸውም የማይገናኝ ሁለት ጋላክሲዎች አንድ ቁጥር ላይ ሊገጥሙ አይችሉም። የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር ነበር፦ ሁለቱም የወደቁት ካሜራው ጠርዝ ላይ ነው። ከጠርዙ ጀርባ ያለው የመዳብ ሰሌዳ የራሱን ኤክስሬይ ያወጣል፤ ከመሃሉ ጀርባ ግን መዳብ የለም። እነሱ ደግሞ የካሜራው የራሱ ጨረር እንዲወጣ ከጋላክሲዋ ላይ የሚቀነሰውን የባዶ ሰማይ ቁራጭ የወሰዱት ከመሃሉ ነበር፤ የመዳቡ ጨረር ሳይቀነስ ቀረ።

«ያየነው ካሜራውን ነው» አለችኝ፣ ኩሽና ውስጥ ያላጠበችው ሳህን በእጇ እንዳለ።

መምህሯ ያኔ ኩላሊታቸው ከድቷቸው አልጋ ይዘዋል። ልትነግራቸው ስትሄድ ባለቤታቸው የመጣችበትን ሰምተው በር ላይ ያዟት። «የኔ እህት፣ ሐኪሙ ቀን እየቆጠረ ነው። ያቺን ጉብታ ይዟት ይሂድ፤ እባክሽን።»

«እሺ፣ እትዬ» አለች።

ሦስት ትራስ ተደግፈው አገኘቻቸው። «ፊትሽ እንዲህ የገረጣው ምነው? የታመምኩት እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?» ብለው ቀለዱባት። አዲስ ጋላክሲ እየሠራች እንደሆነ ስትነግራቸው ዓይናቸው በራ።

«ባዶ ሰማዩን ከየት ቆረጥሽ?»

ለተማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚያቀርቡት ጥያቄ ነው። ከመሃሉ ብትላቸው ያበቃ ነበር።

«ከጠርዙ፣ ከጎኗ።»

«ለምን ከጠርዙ?»

የአልጋ ልብሱን ጫፍ ታስተካክል ጀመር።

«የእኛዋስ? እንደዚያ ስትቆርጭላት ጉብታዋ አለች?»

«የለችም፣ ጋሼ።»

«መሃሉ ንጹሕ ነው ያልኩሽ እኔ ነኝ» አሉ።

«እኔም አላየሁትም።»

«በይ ሂጂ፤ ልተኛ።»

ከዚያ ወዲያ ሁለት ጊዜ ሄዳለች። ሁለቱንም ጊዜ ባለቤታቸው «ተኝቷል» ብለው በር ላይ መለሷት። በዘጠነኛው ቀን ሞቱ።

የጽሑፋቸው ማረሚያ በሳይንሱ መጽሔት ላይ በዓመቱ ወጣ፤ ግማሽ ገጽ ናት፣ የሁለቱ ስም አለባት። አንድ ቅጂ ለባለቤታቸው ስትወስድ አብሬያት ነበርኩ። ሴትዮዋ በሩን ገርበብ እንዳደረጉ የባላቸውን ስም በጣታቸው ተከተሉት።

«ተሳስቷል ነው የሚለው?»

«ሁለታችንም።»

«ስሙን ስታስገቢ ፈቅዶልሽ ነው?»

«አልጠየቅኳቸውም። ከዚያን ቀን በኋላ አላገኘኋቸውም።»

«እኔ ግን ጠይቄሽ ነበር» አሉ ሴትዮዋ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ። ወረቀቱን ይዘው ገቡ።

መንገድ ላይ ብዙ ከሄድን በኋላ እህቴ ቆመች። «እሺ ብያቸው ነበር እኮ» አለችኝ። ቦርሳዋን ተቀበልኳት።