ቢሻን ሀዳ የወረደች እናት

ጽጌን እንደ እኔ የሚያውቃት የለም። ሐረር፣ ጊደር መጋላ ገበያ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ እሷ በርበሬ እኔ ሽሮ ስንሸጥ አርጅተናል። እሷ ዝምተኛ ናት። እኔ ሙሉ ደግሞ አፌ አያርፍም፤ እግዜር አውቆ ነው ያጣመረን።

ሐኪም ጋራ ከሚባለው ተራራ በስተጀርባ፣ ክረምት ገብቶ መስከረም እስኪወጣ ብቻ የሚወርድ ፏፏቴ አለ። ኦሮሞዎቹ ቢሻን ሀዳ ይሉታል፤ የእናት ውሃ ማለት ነው። ስሙ ግን ውሃውን ለመጥራት ብቻ አይደለም። ገበያ ውስጥ አንዲት ሴት ከቦታዋ ስትጠፋ፣ “ቢሻን ሀዳ ወርዳለች” ከተባለ ሌላ ጥያቄ የለም። ሕፃን ሞቶባታል ማለት ነው። ጎረቤቷ ዕቃዋን ይሸጥላታል፤ ስትመለስም ምን ሆነሽ የሚላት የለም። ክርስቲያኑም እስላሙም በዚህ ይግባባል።

ጽጌም ወርዳለች። የመጀመሪያ ልጇ ሴት ነበረች፤ ሰማንያ ቀኗ ሳይደርስ፣ ክርስትና ሳትነሳ ሞተች። ላልተጠመቀ ፍትሐት የለም፤ ለጨቅላም ድንኳን አይተከልም። ባሏ ከበደ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በነጠላ ጠቅልሎ ይዟት ወጣ፤ ባዶ እጁን ተመለሰ። ዘመድ ሁሉ ገና ልጅ ነሽ፣ ትወልጃለሽ ይላታል። ልጅ የተሰበረ ጀበና ነው እንዴ፣ ሌላ የሚገዛለት?

ጽጌ አላለቀሰችም። እህልም አልቀመሰችም። በመጨረሻ ከጋራው ወተት የምታመጣልን አይሻ መጥታ እጇን ይዛ አስነሳቻት፤ እኔም ተከተልኳቸው። ጽጌ ባዕድ አምልኮ እንዳይሆንባት ፈርታለች። አይሻ ግን ዱዓም የለበት፣ ስለትም የለበት አለች። እናት የልጇን ስም አንድ ጊዜ ጮክ ብላ ትጠራለች፣ በቃ። ውሃው በክረምት ስለሚጮህ አጠገቧ የቆመ እንኳ አይሰማትም። የተጠራውም ስም ዳግመኛ ከአፏ አይወጣም፤ እዚያው ይቀራል። ጽጌ አፏን ስትከፍት አየሁ። ምን እንዳለች እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከዚያ ብሌን ተወለደች። ልጄ በሟች ጥላ ሥር አታድግም ብላ ጽጌ ትንፍሽ ሳትል አሳደገቻት። ዘንድሮ መስከረም መጨረሻ ላይ ብሌን ልታገባ ሆነ። ካሜራማኑ ሰለሞን ለአገሩ አዲስ ነው፤ ያን ፏፏቴ የሙሽሮች ፏፏቴ ብሎ ስም አውጥቶለታል፤ ብሌንም ቢሻን ሀዳን በስም እንጂ በዓይን ስለማታውቀው ያው መሆኑን አልጠረጠረችም። እዚያ ሊጨፍሩ፣ ቬሎዋም በውሃው ፊት ሊዘረጋ ነው። ጽጌ ይህን ስትሰማ ፊቷ አመድ መሰለ። እዚያ ከሄዳችሁ ሠርጉ ላይ አልገኝም አለች። ለምን ስትባል በርበሬዋን መቀንጠስ ትጀምራለች። ብሌን እናቴ በደስታዬ ቀን ልታዋርደኝ ነው ብላ አለቀሰች፤ እናትና ልጅ ተኮራረፉ።

እኔ ነደደኝ። ጽጌን ገበያ ላይ፣ ሰው ፊት፣ ተቆጣኋት። አንዷን ቀብረሽ ሌላዋን በቁሟ ልታጪያት ነው ወይ አልኳት። በርበሬዋን ሰብስባ ወደ ቤቷ ሄደች። የሠርጉ ዋዜማ ግን እኔ ባለሁበት ብሌንን አስቀመጠቻት።

“ታላቅ እህት ነበረችሽ” አለቻት። “ያ ፏፏቴ ቢሻን ሀዳ ነው፤ እዚያ ነው የተውኳት።”

ብሌን ሐረር ያደገች ልጅ ናት፤ ቢሻን ሀዳ ምን ማለት እንደሆነ ይነገራት ወይ? ተነስታ ወደ ክፍሏ ገባችና በሩን ዘጋች።

በማግስቱ የሠርጉ መኪኖች ወደ ሐኪም ጋራ ዞሩ። እኔ ከጽጌ ጋር አንደኛው መኪና ውስጥ ነበርኩ፤ ይቺ ልጅ ልብ የላትም እንዴ ብዬ እርር ድብን አልኩ። ጽጌ ልውረድ ብላ በሩን ጨበጠች። ብሌን መንገዱ ዳር መኪኖቹን አስቆመች። ሰለሞንን ካሜራህን አስቀምጥ፣ ማንም እንዳይከተለን አለችው። የእናቷን እጅ ይዛ ቁልቁል ወረደች፤ እኔ የቬሎዋን ጫፍ ከጭቃ እያነሳሁ ከኋላ።

ውሃው ዳር ስንደርስ የእህቷን ስም ጠየቀቻት። ጽጌ ራሷን ነቀነቀች፤ አንዴ የተጠራ አይደገምም። ብሌን አልተቀየመችም። ወደ ውሃው ዞረች።

“እህቴ!” አለች። “ዛሬ እያገባሁ ነው።”

የመስከረም መጨረሻ ውሃ ሳስቷል፤ ሁላችንም ሰማናት። ጽጌ ያኔ አለቀሰች። ልጇ ከሞተች ወዲህ ስለ እሷ ስታለቅስ ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነው። እኔም አብሬ አለቀስኩ፤ ምን ልሁን?

አዳራሽ ዘግይተን ደረስን። ሙሽሪት የት ጠፋች እያለ እንግዳው ያጉረመርማል። እናትና ልጅ ቢሻን ሀዳ ወርደው ነው አልኩ። ከፊት የተቀመጡት ሴቶች ተነሱና ለጽጌ ከብሌን አጠገብ ቦታ ለቀቁላት።