ለሁለት የተከፈለው ሰርግ

ዛሬ ጠዋት መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ኮምፒውተሬ ዲስክ የለም አለኝ። ራሴ የገጣጠምኩት ነው፣ ጠባዩን አውቃለሁ። ጎኑን ፈትቼ ገመዱን ነቀልኩና መልሼ ሰካሁት። ዲስኩ ታየው። ድሮ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ወገቤን ይዤ ተቀመጥኩ፤ ሰኢድ ትዝ አለኝ። ባይለኝ ይሻል ነበር።

ከሰኢድ ጋር ከሚሴ ላይ የሰርግ ቪዲዮ እንሠራ ነበር። እሱ ይቀርጻል፣ እኔ ኮምፒውተሩን እይዛለሁ። ያኔ ወጣት ነኝ፣ ማንበብም አልችልም፤ ፊደል የቆጠርኩት ከጎለመስኩ በኋላ ነው። የስክሪኑን ነገር የምለየው በመልኩ ነበር፣ ሰው በአረማመዱ እንደሚለይ።

ፊልሞቹ ያሉት ሁለት ዲስክ ላይ ነው። ዕቃውን የሸጠልን የአዲስ አበባ ሰው ሁለቱን አጣምሮ እንደ አንድ እንዲሠሩ አድርጎልን ነበር። እያንዳንዱ ፊልም እየተቆራረጠ ግማሹ አንዱ ላይ፣ ግማሹ ሌላው ላይ ያርፋል። አንዱ ከሌለ ሌላው ብረት ነው። ሰውዬው ይህን አልነገረንም፣ እኛም አልጠየቅንም።

ከዚያ ተጣላን። በምን እንደሆነ አልናገርም፤ ቢነገርም የሚያጣላ ነገር አልነበረም። ሽማግሌ ተቀመጠ። ካሜራውና ኮምፒውተሩ ለሰኢድ፣ ስክሪኑ፣ ማተሚያውና ቤቱ ለኔ ሆነ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሼህ አሊ ዲስኮቹን እንደ በሬ አገላብጠው አዩና «ዲስኩም ሁለት፣ ሰዉም ሁለት። አንድ አንድ ውሰዱ» አሉ። ዱዓ አደረጉ፣ አሚን አልን። እኩል ስለሆነ ልክ መሰለን። ሰኢድ ድርሻውን ጭኖ ጨፋ ሮቢት ገባ። እኔ ከዚህም ከዚያም ዕቃ ለቃቅሜ ክዳን የሌለው ኮምፒውተር ሠራሁ።

ማሽላው ሲያሽት እማማ ዘሀራ መጡ። ከጨፋ ሸለቆ ናቸው፤ የሴት ልጃቸውን ሰርግ እኛ ነን የቀረጽነው። ወንዱ ልጃቸው ጀማል በጅቡቲ በኩል ወደ ሳዑዲ ሲሻገር ጀልባው ተገልብጦ ባሕር በልቶታል። አንድ ፎቶ እንኳ የለውም።

«ሰርጉ ላይ ግን ነበረ» አሉኝ። «አንዴ ፊቱን አሳየኝ፣ ልጄ። መልኩ እየጠፋብኝ ነው።»

ዲስኩን ሰካሁ። ኮምፒውተሩ ባዶ ነው አለ። ገመድ ቀየርኩ፣ የኃይል መስጫውን ቀየርኩ፣ ጆሮዬን ዲስኩ ላይ ለጥፌ አዳመጥኩ፤ ይሽከረከራል። ስክሪኑ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ጠየቀኝ። አልመለስኩለትም። ያላነበቡት ወረቀት ላይ ጣታቸውን አሳርፈው መሬታቸውን የተነጠቁ ሰዎች አውቃለሁ። ጥያቄው «ልሰርዘው ወይ?» የሚል እንደነበር የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

«የታለ?» አሉ።

«ግማሹ ሰኢድ ጋ ሳይሆን አይቀርም፣ እማማ። ሽማግሌ ነው የከፈለው።»

«ልጄን ለሁለት? ምን ዓይነት ሽማግሌ ነው?»

«በሬ መስሏቸው ነዋ።»

«በሬስ ቢሆን! አንድ አንድ በሬ ያለው ሰው ከጎረቤቱ ጋር ይቀናጃል እንጂ እርሻውን ቆሞ ያያል? ተነሥ!»

ዲስኩን በሻርፓቸው ጠቅልለው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ሚኒባሱ ውስጥ ማንም እንዲነካው አልፈቀዱም። ግራና ቀኝ ማሽላው ከሰው በላይ ቆሟል፤ ወፍ ጠባቂዎች ማማ ላይ ሆነው ይጮሃሉ።

ሰኢድ በሩ ላይ እሳቸውን ሲያይ «ኮታ ሴና፣ ይግቡ» አለ። እኔን ዘለለኝ። ነገሩን ሲሰማ ግን ወደ እኔ ዞር አለና፦

«ያንተ ዲስክ ሞተ?»

«ያንተስ?»

«የኔ ይሽከረከራል።»

«መሽከርከርማ አንተም ትሽከረከራለህ።»

ሁለቱን ዲስኮች ጎን ለጎን ሰካናቸው። አልታዩም። አቀያየርናቸው። አሁንም የለም።

«ምን ነክተሃል?» አልኩት።

«ምንም።»

«ሰኢድ!»

«እሺ፣ የኔን ብቻ እንዲያይልኝ ብዬ ማጣመሪያውን ዘግቼዋለሁ። ምን ላድርግ? አንተ ዘንድ ልለምን ልምጣ?»

ወደ ኮምፒውተሩ ቅንብር ገብቶ ማጣመሪያውን መለሰው። ማሽኑ ሲነሣ እማማ ዘሀራ «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ይሉ ነበር። ሁለቱ ዲስኮች እንደ አንድ ሆነው ታዩ።

ጀማል ለብዙ ጊዜ ጀርባውን ሰጥቶ ትሪ ያመላልሳል። አንዴ ዞር ብሎ ካሜራው ላይ ሳቀ። ያልቅሳሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። «ጫማው አዲስ ነበር ለካ» አሉ። «ረስቼዋለሁ።»

ቤታቸው መብራት ስለሌለው በየገበያው ቀን እየመጡ ሊያዩት ተስማማን። ፊልሙን ሲዲ ላይ ቀድተን እኔ ዲስኬን ይዤ መሄድ እችል ነበር። ይህን እሱም አላነሣውም፣ እኔም አላነሣሁትም። በየገበያው ቀን እኔም ከከሚሴ እሄድ ነበር። እማማ ዘሀራ ጥንቅሽ ይዘውልን ይመጣሉ፤ ሦስታችን አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን እየመጠጥን ጀማልን እናያለን። ሲሄዱ እኔና ሰኢድ እንሰዳደባለን። ታረቅን አልልም።

አንድ የገበያ ቀን እማማ ዘሀራ ቀሩ፤ አርፈው ነበር። ቀብራቸው ላይ ጎን ለጎን ቆመን አፈር መለስን። ከዚያ ሰኢድ ቤቱ ገብቶ ዲስኬን ነቅሎ አመጣና «እንግዲህ ድርሻህ» አለኝ። ተቀብዬ ሄድኩ። አንድ ቃል ቢጨምር፣ ወይም እኔ ብጨምር፣ ምን ይሆን እንደነበር አላውቅም።

አሁንም እዚያው ጨፋ ሮቢት አለ ይሉኛል። ሩቅ አይደለም፤ ሚኒባሱ ሲሞላ ይነሣል። ግን ምን ብዬ ልግባ? እኔና እሱን አንድ አግዳሚ ላይ ያስቀመጠን የራሳችን ፍቅር አልነበረም፣ የሰው ሐዘን ነበር። የሰው ሐዘን ደግሞ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። የራሳችንን ሐዘን ይዘን እንዳንገናኝ ሁለታችንም ደክሞናል።