ሦስተኛው ዋጋ

ሰኔ ሠላሳ ቀን 2001 ዓ.ም. ነው፤ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ያልተፈረመበት በጀት ተመላሽ ይሆናል። ከታቦር ሰፈር በባጃጅ የመጣው የመሥሪያ ቤቱ እግር ኳስ ክለብ ሰው አጥቂ ለማስፈረም የጻፈውን ማመልከቻ ይዞ ግዥ ክፍሉ በር ላይ ይንቆራጠጣል። በደበዘዘ ቱታ ላይ ኮት ደርቧል፤ ግራ እግሩን ያነክሳል።

«የሦስት ተጫዋች ዋጋ ይቅረብ፤ ዝቅተኛው ያሸንፋል» አለችው የግዥ ሠራተኛዋ ፈትያ።

«እህቴ፣ አጥቂ እኮ ነው! ወንበር አይደለም።»

«መመሪያው አይለይም፣ ጋሼ።»

እንደቆመ ጻፈ። መጀመሪያ የሚፈልገውን አጥቂ፣ ቀጥሎ ዋጋው ከዚያ የሚበልጥ ሌላ ተጫዋች አሰፈረ። ሦስተኛው ላይ እጁ ለአፍታ ቆመ፤ ከዚያ አንድ ስምና ከሁለቱም የሚበልጥ ዋጋ ጻፈ። ፈትያ የጻፈውን ስም ከማመልከቻው ፊርማ ጋር አመሳከረች፤ የራሱ ነው።

«ይኼኛውስ በዛ፣ ጋሼ።»

«ያኔ ስጫወትም እንደዚሁ ነው ያሉኝ» አለ፣ ዓይኑን ከግድግዳው ሰዓት ሳይነቅል።