ቀስ በል፣ ይበጠበጥብኛል

አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ ገበሬዎች መሬት ያሰፋል በተባለው ማስተር ፕላን ተቃውሞ ተዘግቶ የሰነበተው መንገድ በተከፈተ ማግስት፣ ከተጂ ወደ ሰበታ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ከአንዲት ሴት አጠገብ ተቀመጥኩ። የመምህር ነጭ ጋዋን ለብሳለች፤ እጅጌው ጭቃ ነክቶታል። ጭኗ ላይ አፈርና ውሃ የተሞሉ አምስት የሃይላንድ ጠርሙሶች እንደ ሕፃን አቅፋለች።

«ሾፌር፣ በናትህ ቀስ በል፤ ይበጠበጥብኛል» ትላለች ጉድጓድ በመጣ ቁጥር።

ምን እንደሆነ ስጠይቃት ፊቷ በራ። የሁለተኛ ደረጃ የግብርና አስተማሪ ናት።

«እየው፤ አሸዋው ከታች፣ ደለሉ መሃል፣ ሸክላው ከላይ። ተማሪዎቼ ከየማሳቸው ያመጡት ነው። ትምህርት ቤት ተዘጋ ብዬ ልድፋው?»

ጠርሙሶቹ ላይ የተማሪዎች ስም ተለጥፏል፤ አንደኛው ግን ስም የለውም። ከፊታችን የተቀመጡ ሽማግሌ ገበሬ ዞረው አንዱን ተቀበሏትና ወደ መስኮቱ ከፍ አድርገው አዩት።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ይሄ ኮቲቻ ነው፤ ጥቁር መሬት። ውሃ ይይዛል። ክረምቱ ሲወጣ ሽምብራ ዝሪበት።»

«ስልሳ በመቶ ሸክላ ነው!» አለች ጮክ ብላ። «እኔ ይሄን ለማወቅ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል፣ አባባ።» እየሳቀች ደብተሯን አወጣችና ከቁጥሩ ጎን የሽማግሌውን ቃል ጻፈች። ቀጥሎ ስም የሌለውን ሰጠቻቸው።

«ይቺ ምስር ትወዳለች። የማን ናት?»

«የአባቴ። ባለፈው ሳምንት የመሐንዲሶች ችካል ተተክሎባታል።»

ሽማግሌው ጠርሙሷን በሁለት እጃቸው ይዘው ቀስ ብለው መለሱላት። እሷ አንገቷን ደፍታ «ምስር» ብላ ጻፈች።

ሾፌሩ ቀጣዩን ጉድጓድ ማንም ሳይለምነው ቀስ ብሎ አለፈው።