እናቴ ያላለቀሰችበት ፊልም

ደብረ ብርሃን ላይ አንድ የተዘጋ ፎቶ ቤት ዕቃውን ሲሸጥ የፊልም ቆርቆሮ ከፈትኩ። የአቼቶ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ፤ ያረጀ ፊልም ሲበላሽ እንዲህ ይሸታል። ለዓመታት የምፈልገው አንኮበር ላይ ተጀምሮ የቀረ ፊልም ነው። አንድም ፎቶ ያልተነሳችው እናቴ አለችበት።

ልጅ ሳለሁ ፊልም ሠሪዎች አንኮበር ውስጥ ወዳለችው መንደራችን ጎረቤላ መጥተው እናቴን ለአልቃሽነት መረጧት። ሟች ሆኖ የሚተውነው ጎረቤታችን ተሰማ ጋቢ ተከናንቦ ቃሬዛ ላይ ተጋደመ።

«እትዬ፣ ያልቅሱ እንጂ!» አለ ዳይሬክተሩ።

«ለተሰማ? አሁን ጠላዬን ሲገለብጥ ለነበረው? በቁሙ አላሟርትበትም!»

«ተዋት፣ እኔም ፈርቻለሁ» አለ ሟቹ ከጋቢው ሥር።

ዳይሬክተሩ ተቆጣ፤ ለመነም። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ካሜራውን ትክ ብላ እያየች ቆመች። ሰዎቹ ሳይጨርሱ ሄዱ። ማሟረት ምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም፤ እሷን በግድ ማስለቀስ እንደማይቻል ግን ገባኝ።

ቆርቆሮው ውስጥ የነበረው የሌላ ሰው ሠርግ ሆኖ ተገኘ።

«ያ ፊልም ጠፍቷል፤ እርምዎን ያውጡ» አለኝ ሻጩ የምፈልገውን ስነግረው።

«መጥፋቱን በዓይኑ ያየ ሰው አምጣልኝ» አልኩት። «እስከዚያ እርሜን አላወጣም።»