«ይራቅ» የሚለው ማሽን

ከአገሬ ከሮብ ገበያ ወደ ዱባይ የወጣሁ ማታ እማዬ እስከ መኪናው ሸኘችኝ። ሲሰነባበቱ የሚባለው ጠፍቶኝ፣ «እንግዲህ ሞት ካልቀደመኝ እመጣለሁ» ብላት አፌን በመዳፏ ከደነችው።

«ምነው ትርንጎ! እንዲህ ራቁቱን ይጠራል? ይሰማል እኮ!»

በመዳፏ ውስጥ «ይራቅ» እስክል ድረስ አልለቀቀችኝም።

ዱባይ ነፋሱ እንኳ ትኩስ ነው። በጮቄ ተራራ ብርድ ሳማርር የኖርኩት ሴትዮ፣ እዚህ ሱቅ ገብቼ የማልገዛውን ወተት የምመርጥ መስዬ ፍሪጅ ከፍቼ እቆማለሁ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? የሰው ቤት ሥራዬ ሲያልቅ አማርኛ አንባቢ የሚፈልግ ቢሮ አገኘሁ። ስድስተኛ ክፍል ይበቃል ተባልኩ። ሥራው ለብቻ ተዘግቶ ቃላት በማይክ ማንበብ ነው፤ ለእንደኔ ዓይን አፋር የተፈጠረ! ከጨረስኩ ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ ማለት ነው፣ ይታደሳል፤ ካልጨረስኩ እመለሳለሁ፣ የእማዬ የኩላሊት መድኃኒትም ይቋረጣል።

«ይኼ መዝገበ ቃላት አንዴ ከተሠራ ለሆስፒታሉም፣ ለባንኩም፣ ለሁሉም የሚናገር ማሽን ያገለግላል» አለኝ አለቃዬ ዳዊት፣ የአዲስ አበባ ልጅ ነው።

«በር»፣ «በግ»፣ «በረዶ» አልኩ። «በሽታ» ሲመጣ «በሽታ፣ አይድረስባችሁ» አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

ቀረጻዬ ለሙከራ ተሰጠ። የሆስፒታሉ ስልክ፣ «የሽንት፣ ይቅር በሉኝ፣ ምርመራ ሁለተኛ ፎቅ ነው» አለ። የባንኩ ደግሞ፣ «ኢንሹራንሱ የሚከፈለው ከሞት፣ ከደጃችሁ ይራቅ፣ በኋላ ነው» አለ። የደወሉት አበሾች «አሜን» ይላሉ። ማሽኑ «አሜን»ን ስላልተማረ «እባክዎ ይድገሙት» ይላል። እነሱም ይደግማሉ። መስመሩ ቀኑን ሙሉ በአሜን ተያዘ።

ዳዊት እየሮጠ መጣ። «ይኼን ማን ጨምሪ አለሽ?»

«ታዲያ ዝም ብዬ ልጥራው ጋሼ?»

«ጋሼ አትበይኝ! የሚሰማሽ ማሽኑ ብቻ ነው።»

«እማዬም ይሰማል ነው ያለችኝ።»

«ትርንጎ፣ ዛሬ ባዶ ባዶውን ካልቀዳሽ ኢቃማሽን ማሳደስ አልችልም።»

በሽታውንም ሽንቱንም ጆሮዬ እየጋለ አልኩለት። አንድ ቀረ። ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ሞት።»

«ጎበዝ! አሁን ደግሞ ጥያቄ አስመስይው።»

«ሞት?»

«ቆንጆ! አንዴ ቀስ ብለሽ።»

እንደጨረስኩ ወደ ደረጃው ሮጬ ለእማዬ ደወልኩ። አይነሣም። ደግሜ ደወልኩ፤ አይነሣም። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። አሁንም ሞከርኩ።

«ሃሎ! ምነው በሥራ ሰዓት? ማን ሞተ?»

«እማዬ! ይራቅ በይ!»

«ይራቅ፣ ይራቅ! ባቄላ ስፈለፍል ስልኩ እቤት ነበር። ምን ሆንሽ?»

«ምንም። ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው።»

«እንግዲህ ሰማሽው። መቼ ነው የምትመጪ?»

ስትሸኘኝ ያልኳት ቃል ምላሴ ላይ መጥቶ ቆመ። በግድግዳው ማዶ ማሽኑ የዛሬውን ቀረጻ እየሞከረ ነው፤ «ሞት» ይላል በኔው ድምፅ፣ «ይራቅ» የሚለው የለም።

«ትርንጎ? ሰማሽኝ?»

ጥያቄዋን ሰምቻለሁ። ግን «እማዬ፣ እስቲ ድገሚው» አልኳት።

ደገመችው።